የጨረቃን መልኮችና የሥነ ፈለክን ታሪክ ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳይንስ የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ በስልክም በሻይ ሰዓትም የሚጠይቁኝን አንድ ቦታ ለመሰብሰብ ብዬ የጻፍኩት ነው። ጥቂቶቹ ጥያቄዎች የወላጆች ናቸው። አቋሜ ከወዲሁ ይታወቅልኝ፦ ልጆቹ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሰማዩን ሳያዩ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ስለ ጨረቃ አንዲት ክብ እንኳ ባይሥል ይሻላል።

ትምህርቱን በመጽሐፉ ሥዕል ብጀምረው ምን ችግር አለው?

ያ ሥዕል ምድርን፣ ጨረቃንና ፀሐይን ከላይ ሆኖ እንደሚያይ ሰው ነው የሚያሳየው። ልጁ ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ነው የሚያየው። ሁለቱን እይታ ማገናኘት ለትልቅ ሰውም ይከብዳል።

እኔ የተማርኩት በስህተቴ ነው። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት «ማታ ጨረቃን አይታችሁ ሣሉ» ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ከሃምሳ በላይ ደብተር ሰበሰብኩ። ሁሉም ማለት ይቻላል እንደ መጽሐፉ ቀጥ ብላ የቆመች ማጭድ ሥለዋል። አንድ ልጅ ብቻ በጀርባዋ የተጋደመች፣ ሁለቱ ጫፎቿ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ የወጡ ጨረቃ ሣለ። በቀይ እስክርቢቶ ኤክስ አደረግኩበት። የዚያን ዕለት ማታ ወጥቼ ወደ ምዕራብ ባይ ጨረቃዋ ልክ እሱ እንደሣላት ተጋድማለች። ለካ ሰማዩን ያየው እሱ ብቻ ነው፤ የቀረነው፣ እኔም ጭምር፣ መጽሐፉን ነበር ስንገለብጥ የከረምነው። በማግስቱ ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁትና ኤክሱን ራሱ እንዲሰርዘው እስክርቢቶዬን ሰጠሁት።

ስለዚህ በደብተር ጀምሩ። ልጁ በየማታው አራት ነገር ይጻፍ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጨረቃ በየት በኩል እንዳለች፣ ቅርጿን። ከፍታዋን በጡጫ ይለካ። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ በግምት 10 ዲግሪ ይሸፍናል። ጨረቃ በቀን ወደ 13 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ስለምትሸሽ፣ በተመሳሳይ ሰዓት የሚያይ ልጅ በየቀኑ ከአንድ ጡጫ ትንሽ እልፍ ብላ ያገኛታል። ይህን በራሱ ጡጫ ለክቶ ያገኘ ልጅ፣ ጨረቃ ምድርን ትዞራለች ሲባል በቃል መያዝ አያስፈልገውም።

ጊዜው ደግሞ በጋ ይሁን። ክረምት ላይ ደመናው ልጆቹን ተስፋ ያስቆርጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ አዲሷ ማጭድ ጨረቃ ምዕራብ ላይ ብቅ ባለች ማግስት ብትጀምሩ ጥሩ ነው።

«ጨረቃ የምትጎድለው የምድር ጥላ ስለሚሸፍናት ነው» የሚለውን እንዴት ላርመው?

ይህን የሚሉት ልጆች ብቻ አይደሉም፤ አስተማሪዎችም ሲሉ ሰምቻለሁ። በክርክር አይለቅም። ግማሽ ጨረቃ በምትታይበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ፣ ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ አውጧቸው። ፀሐይ በምዕራብ በኩል አለች፤ ግማሽ ጨረቃም እላይ አለች። ከዚያ «የእኛ ጥላ ወዴት ነው የወደቀው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ወደ ምሥራቅ ይጠቁማል። የምድርም ጥላ እንደዚያው ከፀሐይ ተቃራኒ ነው የሚወድቅ፤ ጨረቃ ያለችበት ጋ አይደርስም። በዚያው «ጨረቃ የሌሊት ብቻ ናት» የሚለውም አብሮ ይወድቃል።

እውነተኛው ምክንያት አጭር ነው። የጨረቃን ግማሽ ገጽ ሁልጊዜ ፀሐይ ትመታዋለች። እኛ ከቆምንበት ሆነን ከዚያ ከበራው ግማሽ አንዳንዴ ብዙውን፣ አንዳንዴ ጥቂቱን እናያለን። አዲስ ጨረቃ ስትሆን የበራው ገጽ ሙሉ በሙሉ ወደ ወዲያ ዞሯል፤ ሙሉ ስትሆን ወደ እኛ።

መብራት የሚጠፋበት ትምህርት ቤት ነው፤ አምፖልና ጨለማ ክፍል ከየት አመጣለሁ?

አያስፈልግም። አንድ ሎሚና አንድ እስክርቢቶ ይበቃል። እንዲያውም ይህ ከአምፖሉ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ጨረቃ ከሞላች ከአራት እስከ ስምንት ቀን ባለው ጊዜ፣ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ተማሪዎቹ ወደ ክፍል ሳይገቡ አቆዩአቸው። ፀሐይ በምሥራቅ ወጥታለች፤ የጎደለችው ጨረቃ ገና ምዕራብ ላይ ነጣ ብላ ትታያለች። ሎሚውን እስክርቢቶው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ፀሐይ እንድትመታው አድርጎ፣ ልክ ከጨረቃዋ ጎን እስኪታይ ክንድን መዘርጋት ነው። ሎሚው ላይ የበራው ክፍል የጨረቃዋን ቅርጽ ይይዛል፤ ጠርዙ በየት በኩል እንደደበዘዘ እንኳ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱንም የምታበራቸው ያችው ፀሐይ ናት፤ በጣም ሩቅ ስለሆነችም ብርሃኗ ለሎሚውም ለጨረቃም ከአንድ አቅጣጫ ነው የሚመጣው። ይህን ያየ ክፍል የሚያሰማው ድምፅ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጨረቃ ከመሙላቷ በፊት ባሉት ቀናት ከሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ዞሮ መሥራት ይቻላል።

ማሳሰቢያው አንድ ነው፦ ማንም ፀሐይን በቀጥታ አያይ።

ጨረቃ በየትኛው ሰዓት እንደምትወጣ ተማሪ እንዴት ያስታውሳል?

እዚህ ላይ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ይረዳናል። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ የቀኑና የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ ሰዓታችንም ከፀሐይ መውጣት ጋር አብሮ ይሄዳል። አዲስ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ ለዚህም ነው የማናያት። የመጀመሪያዋ ግማሽ ጨረቃ በቀኑ 6 ሰዓት፣ ሙሉ ጨረቃ ምሽት 12 ሰዓት፣ የመጨረሻዋ ግማሽ ደግሞ በሌሊቱ 6 ሰዓት። 12፣ 6፣ 12፣ 6። በመካከሉ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች።

ግማሿ እየታየ ለምን «ሩብ» ይሏታል?

ዙሯን ሩብ ስለጨረሰች ነው። እኔ ክፍል ውስጥ «ግማሽ ጨረቃ» እላለሁ፤ «ሩብ»ን ለፈተና ብቻ አሳውቃቸዋለሁ።

ግርዶሽ ለምን በየወሩ አይመጣም?

መልሱ የርቀትና የዘንበልታ ጉዳይ ነው። ሜዳ ላይ በልኩ ስትሠሩት ግልጽ ይሆናል። ምድር 5 ቁጥር የእግር ኳስ ትሁን፤ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት። ጨረቃ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ሎሚ ትሆናለች። «ሎሚውን የት ላስቀምጠው?» ብትሏቸው አብዛኞቹ ኳሱ አጠገብ፣ ግማሽ ሜትር ላይ ያስቀምጡታል። ትክክለኛው ቦታ 6 ሜትር ተኩል ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል 30 ያህል ምድር ይደረደራል። በእውነቱ ርቀቱ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። ፀሐይ በዚሁ ልክ 24 ሜትር ስፋት ኖሯት ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ትሆናለች። እንግዲህ ከትምህርት ቤቱ አልፋ የት ሰፈር እንደምታርፍ ራሳቸው ይንገሯችሁ።

የጨረቃ መንገድ ከምድር መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። በ6 ሜትር ተኩል ላይ ይህ ማለት ሎሚው እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ይላል ማለት ነው። እዚያ ርቀት ላይ የኳሱ ጥላ ስፋት 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ሎሚው ከጥላው በላይ ወይም በታች ያልፋል። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ጨረቃ ጥላው መሐል ገብታ ነበር፤ ደመና ያልከለላቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀልታ አይተዋታል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በተራዋ ፀሐይን ጋርዳ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት መስላ ታየች።

አሜሪካ ያለችው እህቴ የላከችልኝ ፎቶ ላይ ጨረቃዋ ቆማለች፤ እኛ ጋ ግን ተጋድማለች። አንዷ ጨረቃ አይደለችም እንዴ?

ናት። የቆማችሁበት ቦታ ነው የሚለየው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ናት፤ ስለዚህ ፀሐይም ጨረቃም ወደ አድማስ የሚወርዱት ቀጥ ብለው ነው ለማለት ይቻላል። ፀሐይ ከጨረቃዋ ሥር ስለምትጠልቅ የሚበራው የጨረቃዋ ታችኛው ጠርዝ ይሆናል፤ ተጋድማ የምትታየው ለዚህ ነው። ይህ በተለይ ከገና እስከ ፋሲካ ባሉት ወራት ጎልቶ ይታያል። ዋሽንግተን 39 ዲግሪ ላይ ስለሆነች መንገዱ ሰያፍ ነው፤ በተለይ በመስከረም ማጭዷ ቆማ ትታያለች። መጽሐፍ ላይ ያሉት ሥዕሎች ደግሞ አብዛኞቹ በዚያ በሰሜኑ ሰማይ የተሣሉ ናቸው። ውጭ ያላችሁ ወላጆች ልጆቻችሁ አገር ቤት ካሉት አያቶቻቸው ጋር በዚያው ዕለት የሣሉትን ቢለዋወጡ፣ ምድር ክብ ስለመሆኗ ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ የለም።

የሥነ ፈለክ ታሪኩንስ መቼ ላስተምር? ጊዜ የለኝም።

ለብቻው ምዕራፍ አታድርጉት። የስሞችና የዓመታት ዝርዝር ሲሆን ልጆቹ ያንቀላፋሉ፤ እኔም አንቀላፍቼበታለሁ። እያንዳንዱን ሰው ልጆቹ ያዩትን ጨረቃ ባዩ ማግስት አምጡት።

ግማሽ ጨረቃ ባዩ ማግስት አርስጣርኮስን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረ ግሪካዊ ነው። ጨረቃ እኩል በእኩል ስትበራ በጨረቃ ላይ ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ መሆን አለበት ብሎ አሰበ። ከዚህ ሆኖ በፀሐይና በጨረቃ መካከል ያለውን ማዕዘን 87 ዲግሪ ነው ብሎ፣ ፀሐይ ከጨረቃ ከ18 እስከ 20 እጥፍ ትርቃለች ሲል ደመደመ። ትክክለኛው ማዕዘን 89.85 ገደማ፣ ርቀቱም ወደ 390 እጥፍ ነው። አስተሳሰቡ ትክክል፣ ልኬቱ ስህተት። ተማሪዎቼ ይህን ይወዱታል፤ «መንገዱ ልክ ሆኖ መልሱ የተሳሳተበት» ሰው ለእነሱ ሩቅ አይደለም።

የግርዶሹን ጥላ ባዩ ጊዜ ፈላስፋውን አርስጣጣሊስን፤ ጥላው ሁሌም ክብ ስለሆነ ምድር ክብ ናት ብሏል። ብርሃኗ ከየት ነው ሲሉ ደግሞ ሁለት ድምፅ አሰሟቸው። ግሪካዊው ፈላስፋ አናክሳጎራስ ከልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ብርሃኗ የፀሐይ ነው አለ። ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክም ከምዕራፍ 72 እስከ 82 የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ሲቆጥር ጨረቃ ብርሃን ከፀሐይ እንደምትቀበል ይናገራል፤ ብርሃኗንም በ14 እጅ ከፍሎ በየቀኑ ይጨምርላታል። የልጆቹ ደብተር አጠገብ ስታስቀምጡት ያው የጨረቃ ደብተር ነው።

ባሕረ ሐሳብን ሳይንስ ክፍል ውስጥ ማምጣት ይፈቀዳል?

የቤተ ክርስቲያን በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት ስሌት ነውና፣ እንደ ሃይማኖት ትምህርት ሳይሆን እንደ ስሌት አምጡት፤ ከታሪኩ ሁሉ ለእኛ ልጅ ይህን የሚተካ የለም። ክፍሉ ውስጥ አንድ ዲያቆን ወይም የቆሎ ተማሪ የነበረ ካለ ሰሌዳውን ለእሱ ልቀቁለት።

የ2018ን እንሥራ። 5500 ሲደመር 2018፣ ዓመተ ዓለሙ፣ ማለትም ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን፣ 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 12፤ ይህ ወንበሩ ነው፤ በ19 ዓመቱ ዙር ውስጥ ያለፉት ዓመታት ቁጥር። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ ከ30 ከ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ፣ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የበለጠበት የተጠራቀመ ቀን ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ ሲገደፍ 18፤ ይህ በዓላቱ የሚወጡበት ቁጥር፣ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሁሌ 30 ይሞላሉ፤ ካልሞሉ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ነው።

አሁን «ይህች 11 ከየት መጣች?» ብላችሁ ጠይቁ። ጨረቃ ከአንዱ ልደቷ እስከ ሌላው 29 ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅባታል፤ 12 ጊዜ ስትወለድ 354 ቀን ይሆናል። የፀሐይ ዓመት 365 ነው። ልዩነቱ 11። ለዚህ ነው አበቅቴ 2017 ላይ 1፣ 2018 ላይ 12፣ 2019 ላይ 23 የሚሆነው። ይህን ስናገር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ታዲያ ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ የሚመጣው በዚህ ነው?» አለች። በትክክል። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነና ጭማሪ ወር ስለሌለው ጾሙ በየወቅቱ ይዞራል፤ ባሕረ ሐሳብ ግን ጨረቃን ከፀሐይ ጋር እየመለሰ ያስታርቃል። ያን ዕለት ዲያቆኑና እሷ አንድ ሰሌዳ ላይ አብረው ሲደምሩ ክፍለ ጊዜው አለቀ።

የ19 ዓመቱ ዙርም ታሪክ አለው። በ19 ዓመት ውስጥ ጨረቃ 235 ጊዜ ትወለዳለች ማለት ይቻላል። ባቢሎናውያን ያውቁት ነበር፤ አቴና ላይ ሜቶን ከልደት በፊት በ432 አሳወቀው፤ በእስክንድርያ በኩል ወደ ፋሲካ ስሌት ገባ። በእኛ ትውፊት ድርሰቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጣል።

የመጨረሻው እርምጃ ሰማዩን ከስሌቱ ጋር ማስተያየት ነው። ጨረቃ ከተወለደች ስንተኛ ቀኗ እንደሆነ ለማወቅ ቀኑን፣ አበቅቴውንና የወሩን ሕፀፅ እንደምራለን፤ ሕፀፅ የጨረቃ ወር ከ30 ቀን ስለሚያንስ የሚጨመር ማካካሻ ነው፤ የመጋቢት ሕፀፅ 4 ነው። መጋቢት 28 ቀን 2018፦ 28 ሲደመር 12 ሲደመር 4፣ 44፤ 30 ሲገደፍ 14። ስለዚህ በስሌቱ ጨረቃ 14ኛ ቀኗን ይዛ የሞላችው መጋቢት 28 ነው። በሰማይ ግን የሞላችው መጋቢት 24 ነው። አራት ቀን ከየት መጣ? 19 ዓመትና 235 ወር በትክክል አይገጥሙም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበላለጣሉ። ይህ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል፤ ስሌቱ ከተደላደለ ደግሞ ከ1,600 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚሁ አቆጣጠር የሚሄዱ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ይህ ልዩነት አለባቸው፤ የሮማ ካቶሊኮች እ.ኤ.አ. በ1582 ያሻሻሉት አንዱ ይህን ነው። አባቶች ተሳሳቱ ብሎ ማስተማር ግን አይገባም። መሣሪያ ሳይኖር በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ መሳት የሚያስደንቅ ነው፤ እኔ የግድግዳ ሰዓቴ በወር ከዚያ በላይ ይስታል።

ወላጆች «ልጆቻችንን ኮከብ ቆጠራ አታስተምሩብን» ይሉኛል። ምን ልበል?

ስጋታቸው ከአውደ ነገሥትና ከኮከብ አስቆጣሪ ጋር የተያያዘ ነው፤ አትናቁት። ሥነ ፈለክ ጨረቃ የት እንዳለችና ለምን እንደዚያ እንደምትታይ ይለካል፤ ማን ማንን ያገባል አይልም። የልጁን ደብተር ቢያሳዩአቸው ነገሩ ይረግባል። ከቻላችሁ አንድ ማታ ወላጆችንም ጥሯቸው።

ቴሌስኮፕ የለንም። ይቀንሳል?

ለጨረቃ መልኮች ምንም አይቀንስም። ተውሳችሁ አንድ ባይኖኩላር ብታገኙ ግን በግማሽ ጨረቃ ቀን ተጠቀሙበት፤ ሙሉ ስትሆን ጥላ ስለማይኖር ጠፍጣፋ ትመስላለች። ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን መስመር አሳዩአቸው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1609 መጨረሻ ያየው ያንን ነው፤ በጨለማው በኩል ነጠል ብለው የሚያበሩ ነጥቦች። ጫፋቸው ብቻ ፀሐይ የመታው ተራሮች መሆናቸው ገባው፤ ጠዋት ሸለቆው ገና ጨልሞ ሳለ የተራራው አናት እንደሚበራው። የእኛ አገር የደጋ ልጅ ይህን ለመረዳት ጣልያን መሄድ አያስፈልገውም። በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ደግሞ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስም እንደ ጨረቃ ስትሞላና ስትጎድል አየ፤ ፀሐይን እንደምትዞር ያሳመነው ይህ ነው። የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ግን እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የምርምር ማዕከል አጠገባቸው አለ፤ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉት።

ልጆች «በእርግጥ ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቷል?» ይላሉ።

ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም.። የወጡት ሰዎች ትተዋቸው የመጡ መስተዋቶች ዛሬም የሌዘር ጨረር ይመልሳሉ፤ ጨረቃ በዓመት 3.8 ሳንቲ ሜትር እንደምትርቀን የታወቀው በእነሱ ነው።

በፈተና ምን ልጠይቅ?

«የጨረቃን መልኮች ዘርዝሩ» አትበሉ፤ ይህ የሚለካው ሽምደዳን ነው። እኔ የሰጠሁት ይህ ነበር፦ አንድ ምስክር ችሎት ቀርቦ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሌባው በሬውን ሲነዳ በጨረቃ ብርሃን ለይቼዋለሁ» አለ። ቀኑ አዲሷ ማጭድ ጨረቃ በታየች በሦስተኛው ቀን ነው። ዳኛው ይመነው?

አይመነው፤ የሦስት ቀን ጨረቃ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። አብዛኞቹ ደርሰውበታል። አንዷ ልጅ ግን ስሌቱን ከጨረሰች በኋላ ከሥሩ «ዳኛው ምስክሩን ባትሪ ነበረህ ወይ ብሎ ይጠይቀው፤ ባትሪ ከነበረው ደግሞ ለምን እንደደበቀ ይጠይቀው» ብላ ጨመረች። ሙሉ ነጥብ ላይ አንድ ደርቤ ሰጠኋት።